ከፋኖሶቹ መኪና የወረደው ሰው

በዮርክሺሯ የሃግሾ ከተማ፣ በሸማኔዎች ክበብ ደጃፍ ሰው ለቢራ ሲጋፋ እንጂ ለዘፈን ሲሰለፍ ታይቶ አይታወቅም። ያን እሁድ ግን ክበቡ ሊከፈት ገና ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሰልፉ ሥጋ ቤቱን አልፎ እስከ ጸሎት ቤቱ ደርሶ ነበር። ከጎረቤት ከተማ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጥቷል። ሴቶቹ ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። አንዱማ የጎረምሳነት ጃኬቱን ለብሶ፣ ቁልፉ አልዘጋ ብሎት ሆዱን ስቦ ቆሟል። ሬይ ኦልድሮይድ ጊታሩን አንጠልጥሎ ከመንገዱ ማዶ ይህን ሲያይ መጀመሪያ ሰው የሞተ መሰለው።

በጓሮ በር ገብቶ ስታን ሂንችሊፍን ፈለገው። ስታን የክበቡ የዘፈን ኃላፊ ነው። ማን እንደሚዘፍን፣ ስንት ደቂቃ እንደሚዘፍንና መቼ ከመድረክ እንደሚባረር የሚወስነው እሱ ነው፤ ቃሉ እንደ ዳኛ ቃል ነው።

«ስታን፣ ምን አድርገህ ነው ይሄ ሁሉ ሰው የመጣው?»

«እኔ ምን አደረግኩ? ሰሌዳው ነው የጠበበኝ» አለ ስታን፣ ዓይኑን ወደ ቢራ በርሜሎቹ እያሸሸ። «‹የፋኖሶቹ መሥራች፣ ሬይ ኦልድሮይድ› ልል ነበር። ‹ፋኖሶቹ› የሚለውን በትልቁ ስጽፈው ቦታው አለቀ።»

«ታዲያ አጥፍተህ አትጽፍም?»

«ላጠፋ ስል ሰው ‹ፋኖሶቹ ሊመጡ ነው?› እያለ መጠየቅ ጀመረ። ስማ ወንድሜ፣ ይሄ ክበብ ለንግሥቲቱ በዓል እንኳ እንዲህ አልሞላም። ዝም ብለህ ውጣና ዝፈን። በጣም ከተናደዱ የሥጋ ፓዩን ቶሎ አስመጣለሁ።»

ሬይ ሊናደድ ሞከረ፤ አልሆነለትም። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ሦስት መቶ ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠብቀው ግን ይህ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

ዝነኛውን የዘፈን ቡድን፣ ፋኖሶቹን፣ የመሠረተው እሱ መሆኑን ሃግሾ ውስጥ የማያውቅ የለም። ስሙን ያወጣው እሱ፣ ልጆቹን ከሱፍ ፋብሪካው የለቀመው እሱ፣ ከበሮ መቺውን ሰርቆ ባመጣው ዱላ ያስተማረው እሱ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ቡድኑ ሸክላ ሊያስቀርጽ ወደ ለንደን ሲነሳ አራቱም በአንዲት የዳቦ ቤት መኪና ተጭነው ነበር። መኪናዋ ማቪስ ከምትኖርበት መንገድ ጥግ ስትደርስ ሬይ «አንዴ አቁሙልኝ» ብሎ ጊታሩን ይዞ ወረደ። ማቪስ ያኔ እጮኛው ነበረች፤ በኋላ ሚስቱ ሆነች። አባቷ በዚያው ወር ሞቶ፣ ከአልጋ የማትነሳ እናቷን ብቻዋን ታስታምም ነበር። ሬይ የበራውን መስኮቷን አየና ለልጆቹ «ሂዱ» አላቸው። ሄዱ። በዓመቱ አገር ምድሩ አወቃቸው።

ሰው መቼም አፉን አይዘጋም። ግማሹ «አባረሩት» አለ፤ ግማሹ «ሴት አስቀረችው» አለ። ማቪስ ጆሮ የገባው ሁለተኛው ነው፤ ገብቶም አልወጣም። ፋኖሶቹ በቴሌቪዥን ሲመጡ ተነስታ ታጠፋዋለች። ሬይ ራሱ በዓመት ፈቃዱ እየሄደ ሦስት የራሱን ሸክላ አስቀረጸ። የመጀመሪያውን ያሳተመው ኩባንያ ተዘጋ፣ ሁለተኛውን የገዙት የአውቶቡስ ሾፌር ጓደኞቹ ናቸው፣ ሦስተኛውን ማን እንደገዛው እግዜር ይወቅ። እነሱንም ማቪስ ሰምታ አትጨርስም። እሱ ጊታር ሲያነሳ እሷ ሻይ ልታፈላ ትነሳለች፤ እኔ ባልኖር ኖሮ የት በደረሰ የሚለው ሐሳብ ያንገበግባታል።

እሱም አንዴ አስቀምጦ «ተሳስተሻል» ቢላት ያልቅ ነበር። ግን የዮርክሺር ወንድ እንዲህ ከሚናገር ጥርሱን ቢያስነቅል ይሻለዋል። የሆዱን በሆዱ ይዞ ኖረ፤ ያወጣው በዘፈን ብቻ ነው። በሦስተኛው ሸክላ ላይ «ጥግ ላይ አውርዱኝ» የሚል ዘፈን አለ። የመጨረሻውን ስንኝ የጻፈው ለማቪስ ነው፤ ማቪስ ግን እዚያ ድረስ ቆይታ አታውቅም።

ያን ዕለት ጠዋት ጫማውን እያሰረ «ዛሬ እንኳ ቁጭ ብለሽ ብትሰሚኝ» ብሏት ነበር።

«የቢንጎውን ቲኬት ማን ይሸጣል?» አለችው። «አንተ ዝፈን፣ እኔ ሥራዬን ልሥራ።»

የክበቡን የቢንጎ ዕጣ ቁጥሮች የምትጠራው ማቪስ ናት። ልክ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲል ቲኬት ከምትሸጥበት ክፍል ወጥታ መድረክ ላይ ባለ ቁጥር ኳሶቹን ከሚያወጣው ማሽን አጠገብ ትቆማለች፤ ያኔ ዘፋኝም ሆነ ቀልደኛ ጥያቄ ሳያበዛ ይወርዳል። ከሊድስ የመጣ አንድ ኮከብ ዘፋኝ አንዴ አልወርድም ቢል ስታን መብራት አጥፍቶበታል።

ሬይ ብቻውን ብቅ ሲል አዳራሹ አጉረመረመ።

«ይሄ የአርባ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር አይደለም እንዴ?» አለ ባለ ጃኬቱ።

«እሱ ነው» አለች ከፊት ወንበር አይዳ ሰግደን፣ ድምጿ ከማይክሮፎኑ የሚበልጥ ባልቴት። «አንተ ሬይ፣ ማክሰኞ ዕለት እየሮጥኩ ጥለኸኝ ሄደሃል።»

«ዛሬ ቀድመሽ ተቀምጠሻል አይዳ፤ የትም አልሄድብሽም።»

«ሌሎቹስ የት አሉ?» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«በሚቀጥለው አውቶቡስ እየመጡ ነው» አለ ሬይ። «መቼም የኛን አውቶቡስ ታውቁታላችሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ሬይ ሳቁ ሳይበርድ ገመዶቹን መታቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች የድሮዎቹ፣ መኪናዋ ሳትሄድ የተዘፈኑት ነበሩ፤ ሰው ያዘልላሉ። እግር ወለል መምታት ጀመረ። ከዚያ ሳያስፈቅድ የራሱን ቀጠለ፤ ሰዉ ልዩነቱን ሳያውቅ አብሮ አጨበጨበ። ሬይ ፊቱ ቀላ፣ ላቡ ጠብ ጠብ አለ፤ ከኋላው ሌላ ሦስት ሰው የሚጫወት እስኪመስለው ድረስ ደስታ ናጠው። ሦስተኛውን ዘፈን ገና ማጋመሱ ነበር ስታን ወጥቶ ማይክሮፎኑን ከአፉ የነጠቀው። «ፓይ ደርሷል፤ ከነአተሩ ትኩስ ነው፤ በሥርዓት ተሰለፉ» ብሎ መለሰለት። ይህ በክበቡ ነውር አይደለም። ሬይ ሰልፉ እስኪቃለል ጊታሩን ብቻ እየደረደረ ጠበቀ።

ከዚያ ሰዓቱን አየ። ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት። «ጥግ ላይ አውርዱኝ» ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። ብልህ ሰው አጭር ዘፈን ይመርጥ ነበር። ሬይ ግን ደስታው ደፋር አድርጎት ነበርና ጀመረው።

ዘፈኑ በዝግታ የሚሄድ ነው፤ ሰዉም ወደ ወሬው ተመለሰ። ሹካ ተንጫጫ፣ ብርጭቆ ተጋጨ፣ አይዳ ስለ ጉልበቷ ለጎረቤቷ ማውራት ጀመረች። ሬይ ግድ አልሰጠውም፤ ዓይኑ የነበረው ቲኬት የሚሸጥበት በር ላይ ነው። በሩ ተዘግቷል። መኪናዋ ስትመጣ ዘፈነ፣ ልጆቹ ሲስቁ ዘፈነ፣ «አቁሙልኝ» ያለበት ቦታ ደረሰ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ።

በሩ ተከፈተና ማቪስ የቲኬቱን ሳጥን በብብቷ ይዛ ወጣች። ሦስቱን ደረጃ ወጥታ ከማሽኑ አጠገብ ቆመች። እጇን ማብሪያው ላይ አደረገች።

በዚያች ቅጽበት አዳራሹ ጸጥ አለ። ለሬይ ብሎ አይደለም። ማቪስ ከማሽኑ አጠገብ ከቆመች የሃግሾ ሰው እስክሪብቶውን ይዞ ትንፋሹን ይውጣል፤ በቢንጎ ሰዓት የሳለ ሰው በዓይን ይገረፋል። አይዳ ጉልበቷን ረሳች። ባለ ጃኬቱ ፓዩን አፉ ውስጥ እንደያዘ ማኘክ አቆመ። ሦስት መቶ ሰው ቁጥር ለመስማት ጆሮውን አቀና።

«ሬይመንድ፣ ሰዓቱ ነው» አለች ማቪስ በሹክሹክታ።

«አንድ ስንኝ ብቻ።»

«ደንቡን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። አንድ ስንኝ፣ ማቪስ።»

ስታን ከባንኮኒው ጀርባ እጁን በአንገቱ ላይ አጋደመ፣ ቁረጠው ማለቱ ነው። ሬይ አላየውም። ማቪስ ማብሪያውን አልነካችም፤ እንዲህ ሲለምናት ሰምታው አታውቅም። እሱም ወደ ሰዉ ሳይሆን ወደ እሷ ዞሮ፣ በዚያ ለእሱ ባልተሰጠ ጸጥታ ውስጥ ዘፈነው፦

ደግሞ ብትመጡ፣ ደግሞ ብትጠሩኝ፣
እዚያው ጥግ አቁሙ፣ እዚያው አውርዱኝ፤
ለንደንን ውሰዱት፣ መብራቱን በሙሉ፣
ሬይ ግን የሷን መስኮት መርጦ ቀረ በሉ።

ማንም አላጨበጨበም፤ ማጨብጨብ እንዳለበት ያስታወሰ አልነበረም። ማቪስ ሳጥኑን ማሽኑ ላይ አስቀመጠች። ማይክሮፎኑ በመካከላቸው በርቷል፤ የተባባሉትን ሁሉ ጓሮ ያለው በርሜል አመላላሽ ሳይቀር ሰምቶታል።

«ይሄን መቼ ነው የጨመርከው?»

«አልጨመርኩትም። ከመጀመሪያውም አለ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት?» አለች ማቪስ። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ... ለምን አትነግረኝም ነበር፣ አንተ?»

ሬይ ጊታሩን አየ፣ ጫማውን አየ። «ዘፍኜልሽ ነበር እኮ» አላት።

«ማቪስ» አለ ስታን፣ «ሰዓቱ አለፈ፤ ሰዉ እየጠበቀ ነው።»

«ተቀመጥ ስታን» አለች ማቪስ። ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ሳበችው። «ቢንጎው ይቆያል።»

በሸማኔዎች ክበብ ቢንጎ ለማንም ቆሞ አያውቅም። ሰዉ ሁሉ አይዳን አየ፤ ከተቃወመች እሷ ነች። አይዳ የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጥማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማቪስ የቢንጎ ጠሪዋን ወንበር ጎትታ፣ ከባሏ ፊት ለፊት አድርጋ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች።

«በል» አለችው፣ «ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።»