የግራ እግር ኮሽታ

ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ወንድሜን ሳስታምም፣ በሆስፒታሉ ግቢ አንዲት አዛውንት በየማለዳው አያቸው ነበር። ሰፊ የወንድ ኮት ለብሰው፣ የስፖርት አስተማሪ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከዛፎቹ ሥር ይመላለሳሉ። የግራ ጫማቸው አፍንጫ በመጎተት ብዛት ተልጧል። ሽቦ ላይ የተደረደሩትን ወፎች «ሰልፍ አስተካክሉ!» ይሏቸዋል። ነርሷ «እማማ፣ ይበርድዎታል፤ ይግቡ» ስትላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። ጽዳት ሠራተኛው መጥረጊያውን ሲያነሣ ግን ይቆጣሉ።

«ተው ልጄ! ይሄን ቅጠል እንዳትነካብኝ።»

ነገሩ የገባኝ ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ ነው። ቀኝ እግራቸው ደረቁን ቅጠል ሲረግጠው ኮሽ ይላል፤ በሽታ ያደከመው ግራው ግን ሽርርር እያለ ይጎተታል። ኮሽ፣ ሽርርር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያው ነበር።

አንድ ማለዳ ግን ኮሽ አለ። ቀጥሎም ኮሽ።

ቆሙ። ጆሯቸውን ስላላመኑት እንደገና ረገጡ። ኮሽ፣ ኮሽ! «ጸጥታ ይከበር» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ቆመው ፊሽካቸውን ነፉት፤ በየመስኮቱ ሰው ብቅ ብቅ አለ።

ከዚያ ወደ ጽዳት ሠራተኛው ዞሩ።

«በል ልጄ፣ አሁን ጥረገው።»