ያልተጣሉትን ማስታረቅ

የፈላ ውሃ እጄ ላይ ተደፋ። ጮህኩ። ባለቤቴ ግርማ ከወንበሩ ሳይነሳ እጄን አየና «ምሳ ሊዘገይ ነው ማለት ነው?» አለኝ። ያስተዋልኩት የመጀመሪያ ምልክት ይህ ነበር። ያኔ ግን የሕመም ምልክት መሆኑን ማን ነገረኝ? ተናድጄ አኮረፍኩት። ማኩረፌንም አላወቀም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የምንኖረው ቦሌ ነበር። ግርማ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ሲሄድ መኪናው ተገልብጦ ግንባሩን ከተመታ ገና ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። ቁስሉ ሲሽር ተመስገን ብለን ነገሩን ዘጋነው። ከዚያ በፊት ለቅሶ ቤት ከሐዘንተኛው እኩል የሚያለቅስ ሰው ነበር።

ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ሞተ። ግርማ አላለቀሰም። እናቴ ደረቷን እየመታች ሳለ ተነስቶ ሬዲዮ ከፈተ። ኳስ ነበር። ድንኳኑ ሙሉ ሰው አየው።

ዘመዶቼ «ከሟች ጋር ቂም ነበረው» ብለው ደመደሙና ሽማግሌ ላኩበት። «ቂም የለኝም» አለ። እውነቱን ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ሞጋች ናቸው፤ ይቅር ብያለሁ እስኪል ድረስ አልለቀቁትም። አለ፤ ተመረቀ፤ በማግስቱም ያው ሆነ። ታላቅ ወንድሜ ጋሽ አበራ «ይሄ ሰው ጨካኝ ነው፤ ልጆችሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ። ሻንጣ አወረድኩ። ፈርቼ ነበር። የማላውቀው ሰው ቤቴ የገባ መሰለኝ።

ሳልሄድ ራስ ምታቱ ጠናበትና ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሽበታሙ ሐኪም ከመረመረው በኋላ ሁሉንም አስረዳኝ።

«የአንጎሉ የፊት ክፍል ተጎድቷል፤ ፍሮንታል ሎብ እንለዋለን። ስታለቅሺ ያያል። ሐዘንሽ ግን አይሰማውም። ከልጅነታቸው እንዲህ የሆኑም አሉ፤ የእሱ ከአደጋው የመጣ ነው። ክፋት አይደለም ልጄ።»

«ይድናል ዶክተር?»

«እንደ ድሮው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ግን ይማራል። ይገባዋል ብለሽ አትጠብቂ፤ ንገሪው።»

ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እኔ ሳልናገር ሰው እንዲረዳኝ የምፈልግ ሴት ነኝ፣ በእኛም ዘንድ ባልን «ከፍቶኛል፣ አጽናናኝ» ማለት ልመና ይመስላል። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጀመርኩ። «እጄን አሞኛል፤ ዕቃውን አንተ እጠብ» ስለው ያለ ማጉረምረም ያጥባል፣ ይህንንም ጤነኞቹ የጎረቤቶቼ ባሎች አያደርጉትም። ለቅሶ ስንሄድ ከበሩ ላይ ምን እንደሚደረግ እነግረዋለሁ፣ እሱም እንደ መንገድ ምልክት አጥንቶ ይገባል። ሻንጣውን ወደ ቦታው መለስኩት። ጋሽ አበራም ነገሩ ሲገባው አጠገቡ እያስቀመጠ ከሰው ሐሜት ይከልለው ጀመር፤ እሱንና ሐኪሙን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት አስመርምሩት። የምትፈልጉትን በግልጽ ንገሩት። የሚመታችሁ ወይም የሚያስፈራራችሁ ከሆነ ግን ምክሬን ተዉት፤ በሽታ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፣ ውጡ።

በኋላ እናቴ ሞተች። ያን ቀን ለግርማ ምንም መንገር አልቻልኩም። ሰው ሁሉ እየገባ «በቃሽ፣ በርቺ» ይለኛል። ግርማ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ፊቴን ትክ ብሎ አየው። ፊቱ ላይ ሐዘን አልነበረም፤ አልተታለልኩም።

«ምን ላድርግልሽ?» አለኝ።

ያን ሁሉ ቀን ይህን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነበር።