እጅሽ ሲፈታ

ሰፈሩ መርፌ ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ነው ይላሉ፤ ምላሷን የቀመሱት ግን ሌላ ምክንያት አላቸው። ዛሬ መንገድ ዳር በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች።

አባቷ ሲሞት ያሳደጋት ልብስ ሰፊ አጎቷ ነው። ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ከስፌት መኪና ፊት አስቀመጣት።

«ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው?» አለችው አንድ ቀን።

«እጅሽ እስኪፈታ። እጅሽ ሲፈታ ወደ ፈለግሽበት ትሄጃለሽ። ነፃነት በነፃ የለም ልጄ፤ በላብ ነው።»

እሱ እጅሽ ሥራ ይልመድ ማለቱ ነበር። እሷ ግን ቃሉን የሰማችው እንደ እስረኛ ነው። ቁልፍ መትከል ስትለምድ «ኮሌታስ?» አላት። ኮሌታው ሲያምርላት «ሙያተኛ የሚለየው በኮት ነው» አለ።

እዚያው ቤት ልብስ በካውያ የሚተኩሰው ወጣት ይስቅባት ነበር።

«እስረኛ ይፈታል፣ ትዳር ይፈታል፣ ህልም እንኳ ይፈታል። ያንቺ እጅ በምን ገመድ ነው የታሰረው?»

«አንተ ካውያህን ጠብቅ፣ የሰው ሱሪ እንዳታቃጥል!»

ሲቀልድ ሲቀልድ ቁም ነገር አመጣ። የራሱን ሱቅ ሊከፍት ነው፤ እንድታገባውና አብራው እንድትሠራ ጠየቃት።

«ይህን ኮት ልጨርስና ጋሼን ላስፈቅድ» አለችው።

ኮቱን ሰፋች። ደንበኛው መስታወት ፊት ዞር ዞር እያለ «የማን እጅ ነው?» ሲል አጎቷ «የቤቱ» ብሎ መለሰ። ደንበኛው እንደወጣ አጎቷን ፈቃድ ጠየቀችው።

«አሁንማ እንዴት ትሄጃለሽ? ሰው ስፌትሽን ለመደ እኮ!»

ማወቋ ካሳሰራት አለማወቅ ያስፈታት እንደሆነ ብላ፣ የሚቀጥለውን ኮት የቀኝ እጅጌ በግራ ገጠመችው። አጎቷ አንስቶ አየውና «ይኸው! ገና ነሽ» አለ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይታው አታውቅም። ፈተናውን ያወጣው እሱ፣ አራሚውም እሱ፤ እንድታልፍለት ለምን ብሎ ይፈልጋል?

ወጣቱ ጠበቃት፣ ጠበቃትና ሄደ። እሷ ቀረች። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ አጎቷ በጠማማ ስፌት ሰበብ ሰው ፊት ሲያዋርዳት መቀሱን አስቀምጣ ተነሳች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማንም እጇን አልያዛትም። «ውለታ ቢስ!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች፤ አጎቷ ግን ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም።

በቀጥታ ወደ ወጣቱ ሱቅ ሄደች። ስፌት መኪናው ፊት አንዲት ነፍሰ ጡር ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ትሰፋለች። እሱ ከጓዳ ብቅ ሲል ደነገጠ።

«ፈቀዱልሽ?»

«አላስፈቀድኩም። ዝም ብዬ ወጣሁ።»

ለማሾፍ ሳይሆን ከልቡ፣ «እንዲህም ይቻል ነበር እንዴ?» አላት።

«ይቻል ነበር» አለች።

ሚስቱ ውሃ ትጠጣ እንደሆነ ጠየቀቻት። አመስግና ወጣች።