ስፖንዳ የጎደላት ፒካፕ

እኛ ሲሚንቶ ተሸክመን ወገባችን ይቆረጣል፣ ሌላው በመጫወቻ ይጨነቃል። ወደ እንጦጦ ማርያም መውጫ አንድ ሰውዬ ጓሮውን እንድናጸዳ ቀጠረን። ያን ሁሉ ሽበት ይዞ፣ ጫማ የማታክል የድሮ የአሜሪካ ፒካፕ በሙጫ ይገጣጥማል።

"ከእውነተኛዋ በምንም አትለይም" አለኝ።

"የኋላ ስፖንዳዋስ፣ ጋሼ?"

"ልኩን አሜሪካ ጠይቄ ይኸው ሦስት ወር እየጠበቅኩ ነው። ራቅ በል፣ በትንፋሽህ እንዳትጥላት።"

ጓሮ ሄጄ አንድ ያረጀ ሸራ ብገልጥ፣ ያቺው ፒካፕ፣ ትልቋ፣ ከነስፖንዳዋ ቆማለች። ሮጬ ተመለስኩ።

"ጋሼ፣ ልኩ እኮ እዚሁ ግቢዎ ውስጥ ነው። ሜትር ይስጡኝ።"

ቀና እንኳን አላለም።

"የአባቴን መኪና ነው? እሷማ ዝጋለች። ቆራርጣችሁ ለቁራሌው ስጡልኝ፤ የትንንሾቹን መኪኖች ማስቀመጫ ክፍል እሷ የቆመችበት ላይ ነው የምሠራው።"