ሰባተኛው እስኪወጣ

ወንዝ ፍለጋ አገር ካቋረጠች አንዲት ሴት ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ አብሬ ተጉዣለሁ። ሴትዮዋ ኖራ አታውቅም፤ የስድስት ወፋፍራም የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ባለታሪክ ናት። አባቷ ጀልባ ቀዛፊ ነበር። አንድ ማለዳ ወንዙ በአስማት ሲሰወር፣ እሷ ጀልባዋን በገመድ እየጎተተች በደረቅ ምድር ፍለጋ ወጣች። በስድስቱም መጻሕፍት ጀልባዋን ስትጎትት ትኖራለች። ወንዙ ሰባተኛው ላይ ይገኛል ተባለ፤ ሰባተኛው ግን እስከ ዛሬ አልወጣም።

ደራሲው ላይ ያለኝን ቂም ከወዲሁ ተናግሬ ልገላገል። ይህ ሰው ለአንድ እራት አሥራ አንድ ገጽ ይፈጃል። ነገሥታቱ የሚወልዱት ልጅ ሁሉ የአያቱን ስም ስለሚወርስ፣ ማን ማንን እንደገደለ ለማወቅ በየጊዜው ከመጽሐፉ ጀርባ የዘር ሐረግ መቁጠር አለ። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ነጭ የነበረው ፈረስ አራተኛው ላይ ዳማ ሆኖ ብቅ ይላል። ሦስተኛው ላይ የቀበርነው ጠንቋይ አምስተኛው ላይ እየሳቀ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ነገር ጎረቤት ቢያወራልኝ ሁለተኛ ሰላም አልለውም ነበር።

ግን አነበብኩት፤ ያውም እየተንገበገብኩ። ያን ጊዜ ቃሊቲ አንድ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የኩሽኔታና የፊልትሮ ቁጥር ስጽፍ እውላለሁ፤ ውጭ የከባድ መኪና ጡሩምባ አያባራም። እናቴን ከቀበርኩ ዓመት አልሞላኝም። አጭር ልብ ወለድ ሳነብ፣ ሰዎቹን ለመድኳቸው ስል ታሪኩ አልቆ ጥለውኝ ይሄዳሉ። የዚህ መጽሐፍ ሰዎች ግን አይሄዱም። ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ ተቀምጬም አሉ፣ ሳምንት ጠብቄ ብመለስም አሉ፤ ገና ብዙ ገጽ ይቀራል ማለት ያጽናናኝ ነበር። ሰው ለምን እንዲህ ያለ ማለቂያ የሌለው ነገር ያነባል ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ ይኸው ነው፤ ማለቂያ ስለሌለው።

መጻሕፍቱን የምከራየው አቃቂ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቆርቆሮ ሱቅ ከነበራቸው አንድ ጡረተኛ ነው። ዕድሜያቸውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣቃ ሲቆርጡ የኖሩ ናቸው፤ ከእጃቸው አልወጣም መሰለኝ መጽሐፉንም ይቆርጡታል። «ይህን የሚያህል መጽሐፍ አንድ ሰው ወር ሙሉ ታቅፎት ሲቀመጥ ሆዴ አይችልም» ይላሉ። ወፍራሙን ሁሉ ሦስት ቦታ ይከፍሉና በወስፌና በጆንያ ክር ይሰፉታል፤ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይለብዱና ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው በከሰል ይጽፉበታል። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ያነባል ማለት ነው። የሚቆርጡት ግን በምዕራፍ አይደለም፤ በመለኪያ ነው። ምዕራፉ የትም ይሁን የት፣ ክንዳቸውን አስደግፈው እኩል አድርገው ይጥሉታል።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ክፍል ሀ ስጨርስ ባለጀልባዋ ዋሻ አፍ ላይ ቆማ ፋኖሷን ከፍ አድርጋ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ላይ ተቆረጠ። በንዴት ወደ ሱቁ ሄድኩ።

«ክፍል ለ ሰው እጅ ነው» አሉኝ ሽማግሌው። «ያቻትልህ፣ አግዳሚው ላይ።»

አንዲት ልጅ ጉልበቷ ላይ ክፍል ለን ዘርግታ ቆሎ ትቆረጥማለች። በኋላ እንደነገረችኝ ክር ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ሄጄ ፊቷ ተገተርኩ።

«ዋሻው ውስጥ ምን አለ?»

«ሰላም ማለት ይቀድማል» አለችኝ፣ ቀና እንኳን ሳትል።

«ሰላም። ዋሻው ውስጥ ምን አለ?»

ያኔ ሳቀች። «አልነግርህም! ቅዳሜ እመልሰዋለሁ፣ ራስህ ታየዋለህ።»

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ቅዳሜ የእኛ ሆነች። ሥራ በግማሽ ቀን ሲለቀቅ እኔ ከቃሊቲ እመጣለሁ፣ እሷ ከፋብሪካው ትመጣለች፤ የያዝነውን ክፍል ተቀያይረን አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን። ስለ ነገሥታቱ እናማለን፣ ስለ ጠንቋዩ እንከራከራለን። ከመጽሐፉ ተነስተን ወደ እሷ አለቃ፣ ወደ እኔ የመጋዘን ዘበኛ እንሻገራለን። መሸት ሲል እስከ ታክሲ መያዣው እሸኛታለሁ። የምታስቅበት የራሷ መንገድ ነበራት፤ ስታሾፍ ፊቷ ፍጹም አይስቅም።

አራተኛው ላይ ስንደርስ ወረፋ ተቀያየርን። «አንተ ቅደም፣ እየነገርከኝ ልከተልህ» አለችኝ። እኔ ክፍል ሀን አንብቤ ለእሷ አስረክባለሁ፤ ያነበብኩትንም ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እተርክላታለሁ። ቆሎዋን እየቆረጠመች ታዳምጠኛለች። ክፍሎቹን ቶሎ ቶሎ ትመልስ ነበር። እንዴት ያለች ፈጣን አንባቢ ናት እያልኩ እቀናባት ነበር።

ወደድኳት። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግም፤ ወደድኳት። ግን ብነግራትና እንቢ ብትለኝስ? ቅዳሜዬም ሊቀር ነው፣ አግዳሚውም ሊቀር ነው። ስለዚህ ለራሴ አንድ ቀጠሮ ሰጠሁት፤ ተከታታዩ ሲያልቅ እነግራታለሁ። ሰባተኛው ይውጣ፣ ወንዙ ይገኝ፣ ያኔ እነግራታለሁ። ዝም አይነቅዝም እየተባለ ነው ያደግኩት፤ እኔም ይህን አምኜ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው ግን ዓይን አላቸው። አንድ ቀን ወረቀት እየለበዱ «አንተ ልጅ፣ ወላጆቿ ዘንድ የምትልከው ሽማግሌ ቢጠፋ እኔ አለሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ መሄድ ነው» አሉኝ።

«ምን አስቸኮለዎት ጋሼ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኳቸው።

«ካልገማ» አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ስድስተኛውን በጨረስን በሦስተኛው ሳምንት ዘግይታ መጣች። ቆሎ አልያዘችም። አግዳሚው ላይ ከተቀመጠች በኋላ መንገዱን አየች።

«ሽማግሌ ተልኮብኛል» አለችኝ። «የአባቴ የሥራ ባልደረባ ልጅ ነው። ለፊታችን እሑድ መልስ ይጠብቃሉ።»

ከዚያ መንገዱን ማየቷን ትታ እኔን አየችኝ። ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን ነገር ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ለብቻዬ እንዳልኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ዞር ብል ሽማግሌው እዚያው ሱቃቸው ውስጥ ናቸው፤ ነጠላቸው ምስማር ላይ ተሰቅላለች። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። እኔ ያልኩት ግን ይህ ነው፦

«ሰባተኛው ሊወጣ ነው እኮ። ዘንድሮ ነው አሉ።»

«እንዴ? ጥሩ ነዋ» አለች። ብድግም አለች። ዛሬ አትሸኘኝ፣ የምሄድበት ቦታ አለ አለችኝ። በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣችም። ከዚያ በቀጣዩም። ሽማግሌው ወረቀታቸውን መለበድ ቀጠሉ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰባተኛው ዘንድሮ ነው እንደተባለ ዓመታት አለፉ። ደራሲው አንዴ እየጻፍኩ ነው ይላል፣ አንዴ አሞኝ ነበር ይላል። ሱቁ መንገዱ ሲሰፋ ተነሳ፤ ሽማግሌውም ልጃቸው ዘንድ ክፍለ አገር ገቡ። ልጆቹ አሁን መጽሐፍ በቴሌግራም ነው የሚቀባበሉት፣ ሙሉውን፣ ሳይቆረጥ። እኔም ስልኬ ላይ ስድስቱም አሉኝ። አንዳንዴ ከፍቼ አሥራ አንድ ገጹን እራት እንደገና አነበዋለሁ፤ የማነበው ግን ሌላ ነገር ፍለጋ ነው። የትኛው ገጽ ላይ ምን ብላ እንዳሾፈች አስታውሳለሁ። እነዚያን ቅዳሜዎች እናፍቃለሁ። የረጅም ታሪክ ክፋቱ ርዝመቱ አይደለም፤ ውስጡ ተቀምጠህ ውጭ ያለውም እንደዚያው የሚጠብቅህ ይመስልሃል።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ቆይቻለሁ። ባለፈው ክረምት ከቃሊቲ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ውስጥ፣ ዝናቡ መስኮቱን አላብሶት፣ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ አንዲት ሴት ዣንጥላዋን እያጠፈች ተቀመጠች። ቀና ስትል ተያየን።

«አንተ!» አለች። ተሳሳምን። ትንሽ ወፈር ብላለች፤ ፊቷ ግን ያው ነው። ኮዬ ከገባች ሁለት ወሯ እንደሆነ፣ ሁለት ልጆች እንዳሏት፣ ፋብሪካውን ከለቀቀች እንደቆየች ነገረችኝ። ስለ ባሏም ጠየቅኳት፤ ደህና ነው፣ ጥሩ ሰው ነው አለችኝ። ጥሩ ሰው መሆኑን በማወቄ ደስ አለኝ፤ ቀናሁም። ያን ሁሉ ዓመት ስሰናዳ ኖሬ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን ይህ ነው፦

«ሰባተኛው እስካሁን አልወጣም፣ ሰምተሻል?»

«እኔ ምን አውቄ! አራተኛው ላይ አይደል እንዴ የተውኩት።»

«የምን አራተኛ? አምስተኛውንም ስድስተኛውንም በእጄ ነው የሰጠሁሽ።»

«ሰጥተኸኛል። አልገለጥኩትም» አለችኝ። «ያቺ ሴትዮ ጀልባዋን ስትጎትት እኔ ደከመኝ፣ እውነቴን ነው። አንተ ስትነግረኝ ይበቃኝ ነበር።»

አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ የቆሙት ሰዎች ተንገዳገዱ። አምስተኛውን በሁለት ሳምንት፣ ስድስተኛውን በሦስት ሳምንት መመለሷን አሰብኩ።

«ካላነበብሽው ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምን ትመጪ ነበር?» አልኳት።

ፊቷ አልሳቀም። ማሾፍም አልነበረም።

«ይሄን ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?» አለች።

ስልኳ ጠራ፤ «ደርሻለሁ፣ ልጆቹን አብላቸው» ብላ ዘጋችው። ከእኔ ሁለት ፌርማታ ቀድማ ነው የምትወርደው። ተነስታ ዣንጥላዋን ያዘችና፣ ሰዉን አልፋ በሩ ጋ ከመድረሷ በፊት ዞር አለች።

«በል፣ የቤት ሰዎችህን ሰላም በልልኝ።»

«እሺ፣ እላለሁ» አልኳት። ቤቴ ውስጥ ሰላም የምለው ሰው የለም።