ከቃለ ጉባኤው ያስቀረሁት ንግግር

ይህን የምጽፈው በሦስት ነገሮች ተደግፌ ነው። አንደኛው የዕድራችን ጸሐፊ በነበርሁበት ጊዜ ለራሴ ማስታወሻ የያዝሁባት ትንሽ ደብተር ናት፤ በእርሳስ የተጻፈች በመሆኗ አንዳንድ ገጿ ደብዝዟል። ሁለተኛው የዕድሩ የቃለ ጉባኤ መዝገብ ነው፤ አሁን የያዘው አዲሱ ጸሐፊ ባለፈው ክረምት ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንድመለከተው ፈቅዶልኛል። ሦስተኛው የራሴ ትዝታ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የምጠራጠረው እሱን ነው። ለምሳሌ የስብሰባው ዕለት ፀሐይ እንደነበረና ሰዎች ጃንጥላ ዘርግተው እንደተቀመጡ አስታውሳለሁ። ባለቤቴ ግን ዝናብ ነበር፣ ጃንጥላውም ለዝናቡ ነው የተዘረጋው ትላለች። መዝገቡ ስለ አየሩ የሚለው ነገር የለም።

በትእምርተ ጥቅስ ከማስቀምጣቸው ቃላትም ከመዝገቡ የተገለበጡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሰምቻቸዋለሁ ብዬ የማምናቸው ናቸው። ስም አልጠራሁም። አብዛኞቹ ባለጉዳዮች በሕይወት አሉ፤ ከእነሱም ጋር በአንድ ሰፈር እኖራለሁ።

ነገሩ የሆነው ዐቢይ ጾምና ረመዳን በገጠሙበት ዓመት ነው። ሰፈራችን በደብረ ማርቆስ ከገበያው ከፍ ብሎ ያለ ሲሆን፣ በአንድ ወገን ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ወገን መስጊድ አለው። ዕድራችን ግን አንድ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው፣ ለለቅሶተኛው አግዳሚ ወንበር የሚያወጣው፣ አስከሬኑን የሚሸከመው ይኸው ዕድር ነው። ሙስሊም ጎረቤታችን ሲሞት እኛ እስከ መቃብሩ ቦታ እንሸኛለን፤ ክርስቲያን ሲሞት እነሱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ይመጣሉ። ይህን ማንም እንደ ትልቅ ነገር ቆጥሮት አያውቅም፤ እኔም ያ ዓመት እስኪደርስ አልቆጠርሁትም ነበር።

በሰፈሩ አንድ የጂኦግራፊ መምህር አለ። ቀድሞ ተማሪዬ ነበር። ከእናቱ ጋር ብቻውን ይኖር ነበር፤ እናቱ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካላቸው ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ከአልጋ አይነሡም፤ እንቅልፋቸውም የሚመጣው ሊነጋጋ ሲል ብቻ ነበር። በዚያ ጾም የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም የድምፅ ማጉያ ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር። ልጁም አንድ ቀን በፌስቡክ ጻፈ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «እናቴ የምትኖረው በሁለት ድምፅ ማጉያዎች መካከል ነው። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሣል። አዛኝ የሚባለው አምላክ ጆሮው ከብዶ ይሆን እንዲህ የሚጮኹበት?»

በሁለተኛው ቀን ሰላምታ የሚነፍጉት በዙ። በሳምንቱ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ በሰበካ ጉባኤም የሚያገለግለው ጎረቤታችን፣ ልጁ ከዕድሩ እንዲሰናበት ለስብሰባ አመለከተ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እናትየው ዛሬ ነገ የሚባሉ ናቸው፤ ልጁ ከዕድሩ ከወጣ ድንኳን የሚተክልላቸው፣ ቃሬዛቸውን የሚሸከም የለም። ብቸኛ ልጅ እናቱን ብቻውን አይቀብርም።

እኔ ያደረግሁትን ለመጻፍ ትንሽ እቸገራለሁ። ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን የይቅርታ ደብዳቤ አርቅቄ ወደ ቤቱ ሄድሁ። በሚያምር አማርኛ የተጻፈ ነበር፤ ጽሑፉን እንዳጠፋ፣ እንደተጸጸተ፣ ወደ ፊትም በሃይማኖት ጉዳይ እንደማይጽፍ ይናገራል። አነበበውና መለሰልኝ።

«መምህር፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት። እኔ እንዲህ አላስብም።»

«ማሰብህን ማን ጠየቀህ? ፈርምልኝ ነው ያልሁህ።»

«ክፍል ውስጥ እንዲህ አላስተማሩንም።»

የማስተምረውን ረስቼው ነበር ወይም ከመጀመሪያውም ብዙ አላመንሁበትም ይሆናል። በወጣትነቴ የተማሪዎች መጽሔት እናዘጋጅ ነበር። ለሳንሱር መርማሪ ቀርቦ በቀይ ቀለም እየተሰረዘ ይመለስልናል። ቆይተን መርማሪውን ማድከም ትተን ራሳችን አስቀድመን እየሰረዝን እንልክ ጀመር፤ ያን ጊዜ ያለ አንዳች ቀይ ምልክት ይመለስልን ነበር፤ በዚህም ተደስተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕገ መንግሥቱ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ደንግጓል፤ ስለዚሁ ነፃነት በየአዳራሹ ንግግር አድርጌአለሁ። እጄ ግን የለመደውን ነበር የሚያውቀው።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ድንኳንና ድስት በሚቀመጥበት የዕድር ቤት ደጃፍ ተደረገ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ተነሥቶ ተናገረ።

«ልጁን ጠልቼው አይደለም። አምላክን ጆሮው ከብዷል ያለ ሰው ግን ነገ እናንተን ምን ሊላችሁ ነው? ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል ተሰድቧል። ቢያንስ በዚህ አንጣላም።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ልጁ ተነሣ።

«የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የከረረ ነው። ለአነጋገሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጽሑፉን ግን አላጠፋውም። እናቴ መተኛት አልቻለችም፤ የጻፍሁት እውነት ነው።»

«አጥፋው ተባልህ እንጂ ውሸት ነው ማን አለህ?» አሉ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት።

ብዙ ሰው ተናገረ። በመጨረሻ ሰብሳቢው የስንብቱ ሐሳብ ለውሳኔ ይቅረብ አለ። በእኛ ዕድር ልማድ ቃለ ጉባኤው በዚያው በስብሰባው ላይ ይነበባል፤ ከዚያም የተገኘው ሁሉ በየተራ እየመጣ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችለው በአውራ ጣቱ። የቀረበ ሐሳብ ውሳኔ ሆኖ የሚጸናው ሲፈረምበት ነው። ስለዚህ ቆሜ ያረቀቅሁትን አነበብሁ፦ «አባሉ በማኅበራዊ መገናኛ ስላወጡት ጽሑፍ ማብራሪያ ሰጡ። ቤቱም ከተወያየ በኋላ ከአባልነት ይሰናበቱ የሚል ሐሳብ ቀረበ።» ማንንም የማያስጠይቅ ዐረፍተ ነገር ነበር። ልጁ ያለው ግን አንድም ቃል አልነበረበትም፤ ጽሑፉም አልነበረም።

በዕድራችን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ልብስ ሰፊ የሆኑ ሐጂ ናቸው። እሳቸው እጃቸውን አነሡ።

«መምህር፣ እስቲ ይቆዩ። ልጁ ማብራሪያ የሰጠው በምኑ ላይ ነው?»

«በጽሑፉ ላይ።»

«ጽሑፉ ምን ይላል?»

«ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሐጂ።»

«እኔ አላውቀውም። የእኔ ስልክ ይጮሃል እንጂ አያስነብብም። ልጆቼን ብጠይቅ አንዱ አንድ አለኝ፣ ሌላው ሌላ። ይጻፍና ይነበብልኝ።»

«የእናንተንም እምነት የሚነካ ቃል አለበት። በመዝገብ ባይሰፍር ለሁላችንም የሚሻል ይመስለኛል።»

«የተነካሁት እኔ አይደለሁ? ይጻፍ የምለውም እኔው ነኝ። ነገ የልጅ ልጄ መዝገቡን ገልጦ፣ አያቴ ሰውን ከቀብር የከለከለው በምን ቃል ነው ቢል፣ ማብራሪያ ሰጡ የሚል ያገኛል? እንዲህ ያለ ነገር ላይ እኔ አልፈርምም።»

ሰብሳቢው አየኝ። ልጁ ስልኩን ሰጠኝ። ጽሑፉን እየገለበጥሁ ሳለ እንደተቻኮልሁ አስታውሳለሁ፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ጽሕፈቴ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት፤ «እናቴ የምትኖረው» ከሚለው ጀምሮ እስከ መጨረሻው። ብዙዎቹ ሙሉውን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል።

«አመመኝ» አሉ ሐጂው። «አሁን ስሰማው ይበልጥ አመመኝ። መልሴንም ከሥሩ ይጻፉልኝ። ልጄ፣ አዛኑ አላህን ለማሰማት አይደለም። አላህ ምን ጆሮ ቸገረው? የሚጠራው እኔን እንቅልፋሙን ነው። ደግሞ እኔን ለመቀስቀስ የአንተን እናት መቀስቀስ አያስፈልግም። ማጉያው ወደ ገበያው ይዙር ብዬ ለመስጊዱ ሰዎች እነግራለሁ። ይህንንም ይጻፉ፣ እንዳልረሳው።»

«እኛስ ወደየት እናዙረው?» አለ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ደስ ሳይለው።

«አንተ መጀመሪያ ወፍጮህን አዙር። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትፈጭብን ማን ከዕድር ውጣ አለህ?» አሉት ሐጂው።

ይህን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ ባለወፍጮው ራሱ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ሰብሳቢው ሳቁ ሲበርድ የስንብቱን ሐሳብ ያቀረበው ሰው ቀድሞ ይፈርም አለ። መዝገቡን አቀረብሁለት። ጽሑፉ፣ ከሥሩ የሐጂው መልስ፣ ከሐጂው መልስ ሥር የእሱ ስም የሚያርፍበት ባዶ መስመር ነበር። ብዕሩን ተቀበለ። ከላይ ጀምሮ እንደገና አነበበው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ጉዳዩ ይቆይ» አለ በመጨረሻ፣ ብዕሩንም መለሰልኝ።

«ይቆይ ተብሎ ይጻፍ?» አልሁት።

«ይጻፍ። አሁን የሚጽፉት አላጡ።»

ጻፍሁ። ጉዳዩ እስከ ዛሬ እንደቆየ ነው፤ ዳግም ያነሣው የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመስጊዱ ማጉያ ወደ ገበያው ዞረ። የቤተ ክርስቲያኑም ሊነጋጋ ሲል ዝቅ ይል ጀመር፤ ባለወፍጮው ለሰበካ ጉባኤው ተናግሮ እንደሆነ ጠይቄው «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎኛል። ልጁም ጽሑፉን አላጠፋም። በእርግጥ ከዚያ ወዲህ በከተማው ላይ ብዙ ክፉ ነገር አልፏል፤ ኢንተርኔቱም የተቋረጠባቸው ወራት ነበሩ፤ አንድ ስብሰባ አገር አዳነ ልል አልችልም። እኔ ግን ለእነዚያ ሽማግሌ ባለ ውለታ ነኝ። ስለ ሐሳብ ነፃነት ብዙ ካነበብሁ በኋላ፣ የተነካው ሰው ራሱ የነካው ቃል እንዲጻፍ ሲሟገት በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። አንድ ቀን ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ይህንኑ ነገርኋቸውና አመሰገንኋቸው። አፋቸው ውስጥ መርፌ ስለነበረ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሱሪውን ግን በዚያው ዕለት አደረሱልኝ።

እናትየው በግንቦት ዐረፉ። ዕድሩ ድንኳኑን ተከለ። ቃሬዛውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተቀባብሎ ተሸከመ፤ ባለወፍጮው ወፍጮውን ዘግቶ ከፊት ከያዙት አንዱ ነበር፤ ይህን በደብተሬ ጽፌዋለሁ። ልጁም ከቀብር መልስ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ሲል አነሣሁት። ከነገሩ ሁሉ ይልቅ የምደሰትበት ያን ዕለት ብቻውን አለመሆኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳላረጋግጥ ቀርቻለሁ። እናትየውን ያስታምሙ የነበሩት ጎረቤት እንደሚሉት፣ ሁለቱም ማጉያዎች ዝቅ ካሉ በኋላ በአንዱ ንጋት እሜቴ ዓይናቸውን ገልጠው «ዛሬስ ምነው ዝም አሉ? ሰው የለም እንዴ?» ብለው ጠይቀዋል፤ መልስ እስኪያገኙም አልተኙም። ልጁ ይህ ሊሆን አይችልም፣ እናቴ በዚያ ሳምንት አንደበቷ ተይዞ ነበር ይላል። ጎረቤቲቱ በቃላቸው ጸንተዋል። ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ጠይቄአለሁ። እኔ አልነበርሁም፤ በመዝገብም የለም።