በባዶ እጅ የጠራኋት ሴት

በወረዳ ስብሰባ ላይ በተናገርኩት መታሰሬን ትቼዋለሁ። እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ሌላ ነው፤ አብራን የታሰረችን ሴት ወስደው፣ ጭራሽ አልነበረችም አሉን።

የታሰርንበት የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ከምድር በታች ነበር። የመንገደኛ ኮቴ በራሳችን ላይ ያልፋል፤ የታክሲ ረዳቶች «ሥላሴ፣ ሥላሴ» ሲሉ ይሰማናል። ስድስት ሴቶች ነበርን፤ ጠዋት ጠዋት ስድስት ዳቦ ይመጣል። አንድ ረፋድ ላይ ከስድስታችን አንዷን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ጠሯት፤ ጫማዋን ትታ በባዶ እግሯ ወጣች። በማግስቱ አምስት ዳቦ መጣ። ጫማዋን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀምጠዋለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ወደ በሩ ዞሮ አገኘዋለሁ። ሁሉም አልነካሁም አሉ።

ጠባቂያችን፣ ወጣት ፖሊስ ናት፣ ከሰዓት ሲሰለቻት ካርታ ይዛ ትገባለች። በቁራሽ ዳቦ ፖከር እንጫወታለን። እኔ ፖከር የለመድኩት በልጅነቴ ውቤ በረሃ መጠጥ ቤት ስሠራ ነው። በቁራሽ ዳቦ ጨዋታ ፉገራ፣ የማይረባ ካርታ ይዞ እየጨመሩ ማስፈራራት፣ አያዋጣም፤ የሚጠፋው ትንሽ ስለሆነ ሁሉም «እስቲ ልየው» ብሎ ይከተላል። ጠባቂዋ ግን ጥሩ ካርታ ካልደረሳት አትጨምርም፤ በላይዋ ከተጨመረባት ደግሞ ትሰጋለች። ስጨምር እንድታምነኝ ሦስት ቀን ካርታዬን እየጣልኩ ጠበቅኳት።

በአራተኛው ቀን፣ ለሁላችን የሚሆነው የመሀሉ ካርታ ገና ሳይገለጥ፣ ሙሉ ዳቦ ጨመረች። ሌሎቹ ጣሉ። በእጄ አስና ሁለት ነበር፤ ለጨዋታ የማይረባ። ነገር ግን አንዱ አስ እኔ ጋ ካለ፣ እሷ ጥንድ አስ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን፣ መያዟ ያጠራጥራል።

«በዳቦሽ ላይ የልብስ ሰፊዋን ስም ጨምሬያለሁ» አልኳት። «ካሸነፍሽኝ ስለ እሷ ሁለተኛ አልጠይቅም። ከተሸነፍሽ ነገ በቆጠራ፣ አለቃሽ ፊት ትጠሪያታለሽ።»

«እማማ፣ የሌለ ሰው እንዴት ይጠራል?»

«ከሌለች ምን ያስፈራሻል? ተከተይኛ።»

ጫማውን አየች። ካርታዋን ጥላ፣ ዳቦውን ትታ ወጣች። ሁለተኛ ለጨዋታ አልመጣችም።

ዳቦውን በልብስ ሰፊዋ ቦታ አስቀመጥነው። ርቦን ነበር፤ ማንም አልነካውም። በማግስቱ ቆጣሪው «አምስት» ሲል፣ እኔ «ስድስት» አልኩ። ቀጥሎ አጠገቤ ያለችው፣ ከዚያ ሌሎቹም። ዱላ ይመጣል ብዬ ነበር፤ በሩን ዘግቶ ሄደ።

ከተፈታሁ በኋላ ጣቢያው ድረስ እየሄድኩ ጠየቅኩ። የለችም፣ አልነበረችም ይሉኛል። አሁንም ጉልበቴ እስከቻለ እሄዳለሁ። ባለፈው ወር አንድ አዲስ ጸሐፊ ወንበር ሰጥቶኝ መዝገቡን ገለጠ። ብዙ ቆየ።

«ስሟ አለ፣ እማማ» አለኝ። «የገባችበት ተጽፏል። መውጫው ላይ ግን ፊርማ የለም።»